ለሁለት የተከፈለው ሸክላ

ባለፈው ቅዳሜ ልደቴ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ልደት ማክበር አያምረኝም፤ ልጄ ዮናስ ግን ተው ቢሉት የሚሰማ ዓይነት አይደለም፤ ትልቅና ጠፍጣፋ ነገር በሰማያዊ ወረቀት ጠቅልሎ አመጣና እዚህ ለንደን፣ ስትሪትሃም፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለችው ፍላታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን አጣምሮ ፊት ለፊቴ ቆመ። ወረቀቱን ከጥጉ ቀደድ ከማድረጌ አንድ አረንጓዴ ምላስ ብቅ አለ። ምላሱ ላይ እንጉዳይ በቅሎበታል። ሌላውን ማየት አላስፈለገኝም፤ ከምላሱ በላይ እንደ ብርቱካን የተላጠ የሰው ፊት እንዳለ፣ ከፊቱ በላይ ጠማማ የጀርመንኛ ጽሑፍ እንዳለ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወደቀ አምስት ከሲታ ጀርመን ሙዚቀኞች ጭቃ ውስጥ ቆመው እንደሚያፈጡ በቃሌ አውቀዋለሁ። አፌ ምራቅ ሞላ፤ ሊያስመልሰኝ ሲል እንደሚሞላው። ዮናስ ደስ ያለኝ መስሎት፣ ይሄ ሸክላ እኮ ክላሲክ ነው ማም፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው፣ አሁን እንደ አዲስ ታትሞ ወጥቶ እኔና ጓደኞቼ አብደንለታል፣ እያለ ያወራልኛል።

አዲሱ ሽፋን ከቀለምና ከላስቲክ በቀር ምንም አይሸትም ነበር። እኔን የሸተተኝ ግን የሆሎዌይ ሻጋታ ነው።

ያደግሁት ሆሎዌይ ዋና መንገድ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ሱቆች ጀርባ፣ አንድ የካውንስል ሕንፃ፣ አገር ቤት የቀበሌ ቤት እንደሚባለው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌላው ሰው የልጅነት ቤቱን ሲያስታውስ ልቡ ይሞቀው ይሆናል፤ እኔ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር እጄን መታጠብ ያምረኛል። ሊፍቱ የሚሠራው ሲፈልግ ነው፣ ሽንት ሽንት የሚሸተው ግን ሁልጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሠራም አልሠራም በደረጃው ነበር የምንወጣው። ሳሎኑ ውስጥ ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ጥለውት የሄዱት ምንጣፍ አለ፤ ውሻቸው ከሄደ ስንት ዓመቱ፣ ጸጉሩ ግን እኛ ጋ ቀርቶ ካልሲዬ ላይ ይለጠፋል። ግድግዳው ደግሞ ያልበዋል፤ ክረምት የለ በጋ የለ፣ ያልበዋል። ከካውንስሉ ሰው ይመጣል፣ ሻጋታውን ቼክ ያደርጋል፣ ነጭ ቀለም ይለቀልቅበትና ይሄዳል፤ ሻጋታው ሁለት ሳምንት ያህል ቀለሙ ሥር አረፍ ብሎ እንደገና ብቅ ይላል። እማዬ ጨርቅ በበረኪና እየነከረች ስትፈትገው የሚወጣው ሽታ እስከምተኛ ድረስ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቆይ ነበር።

የአባባ ሸክላ የሚቀመጠው እንግዲህ እዚያ ግድግዳ ሥር፣ ከሶፋው ጀርባ ነው። ሽፋኑ የግድግዳውን ላብ ሲጠጣ ኖሮ ሆዱ ተነፍቷል፤ ጥጉ ላይ ግራጫና ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ በመጨረሻ የትኛው እንጉዳይ የተሳለ፣ የትኛው ደግሞ እኛው ቤት የበቀለ እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። እማዬ በስመ አብ ብላ ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች፣ አባባ መልሶ ወደ ሰው ያዞረዋል፣ በዚህ ጉዳይ ሁለቱም አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እኔ የምነካው በሁለት ጣቴ ብቻ ነበር፤ ከነካሁት በኋላ ደግሞ ጣቶቼን ቀሚሴ ላይ እጠርጋለሁ።

አባባ ጀርመን አገር ምህንድስና ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ ለንደን ውስጥ ያገኘው ሥራ ግን ባተርሲ አንድ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ማጠብ ነበር። ወንዙን ተሻግሮ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ ናፍጣና የወለል ሳሙና እየሸተተ ይመጣል። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፣ ከዚያ ሰው መንገድ ዳር ጥሎት አግኝቶ ራሱ የጠገነውን የሸክላ ማጫወቻ ይከፍትና መርፌውን በሁለት ጣቱ እያስቀመጠ ይጠራኛል፦ «ማርትዬ፣ ነይ ይቺን ስሚ።»

ሁልጊዜ «ይቺን» ነው የሚለው፣ አዲስ ነገር ያመጣልኝ ይመስል። መቶ ጊዜ የሰማሁትን! ዓይኔን ወደ ላይ እያጉረጠረጥሁ፣ እግሬን እየጎተትሁ እሄዳለሁ። ከበሮው፣ ምድር ቤት ያለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ጫማ ሲገባበት የሚያወጣውን ድምፅ ያወጣል፣ እሱንም ያለ ዕረፍት ነው። አንዱ ጊታሩን ይቧጭረዋል። ጀርመንኛ ይሁን የሆድ ቁርጠት ያልለየለት ሰው መሀል ላይ ሆኖ ያቃስታል፤ ከመታመሙ የባሰው ደግሞ አለመዳኑ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደታመመ ይቆያል። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ በካሴት ስለሚሰሙት ሙዚቃ ሲያወሩ እኔ የአባቴ ሙዚቃ ምን እንደሆነ እንዳይጠይቁኝ ርዕስ እቀይር ነበር።

ታሪኩን ደግሞ ከሙዚቃው ጋር ነው የሚነግረኝ፤ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። እሱና ታናሽ ወንድሙ ታዬ ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ጣሪያ ሥር የተሠራች አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ቀጥ ብሎ መቆም የሚቻለው ክፍሏ መሀል ላይ ብቻ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ወለል ላይ ተጋድመው ነው የሚውሉት። በመጀመሪያው ክረምት፣ በረዶው መስኮቱን ደፍኖት፣ የሚያውቁት ሰው በሌለበት አገር፣ ይህን ሸክላ ግማሽ ግማሽ አዋጥተው ገዙት፤ መብራት አጥፍተው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሰሙት። አንድም ቃል አልገባቸውም። ግን ያ ማቃሰት፣ አባባ እንደሚለው፣ ጀርመን አገር ከገቡ ወዲህ የሰሙት የመጀመሪያው እውነተኛ ነገር ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ ጥሩ ነኝ አመሰግናለሁ ይል ነበርና። ታዬ አገር ቤት ለመመለስ ሲወስን አባባ ሊያስቀረው ለመነው፣ እንቢ አለ። ዕቃ ሲካፈሉ ድስቱም ካፖርቱም አላጣላቸውም፤ ሸክላው ግን ጥንድ ነው፣ አንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ሸክላ። የመጀመሪያውን አባባ ወሰደ፣ ሁለተኛውን ታዬ። ታዬ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ይሄን ከእጄ ካልሆነ በቀር ከማንም አትቀበለውም፣ እኔ ስመጣ ነው የሚመጣው፣ አለው። ከዚያ በኋላ ያ የአብዮት ዘመን መጣ፣ አባባ ወደ አገሩ መግባት አልቻለም፣ ታዬም መውጣት አልቻለም፣ ሃያ ዓመት አለፈ።

ነገር ግን የሙዚቃው ጉድ ምን መሰላችሁ፤ የመጀመሪያው ሸክላ ሁለተኛ ፊት ሲያልቅ ዘፈኑ አያልቅም። ከበሮው እየፈጠነ፣ እየፈጠነ፣ ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ማቃሰቱን ትቶ ትንፋሹን ሲስብ፣ እዚያ ላይ ቁርጥ። ቀጣዩ ያለው ሁለተኛው ሸክላ ላይ ነው። አባባ በዚህ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ የቀረውን በአፉ ይሞላዋል፤ ዜማ የሚባል ነገር አልፈጠረበትምና ክዳኑ ላይ የሚንፈቀፈቅ ድስት ነው የሚመስለው። እኔ እጠላዋለሁ። ጠልቼውም ግን ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ስጋደም፣ ያ ሰው ትንፋሹን ስቦ ምን ሊል ነበር፣ እያልሁ አስባለሁ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ያሳፍረኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አጎቴ ታዬ ሊመጣ ሆነ። አባባ የጥሪ ደብዳቤ ላከ፣ እዚያም ቪዛ አፕላይ ተደረገ፣ መልሱ ሲጠበቅ አባባ ሶፋውን ወደ አልጋ የሚቀይር ሽቦ ሠራለት። ለሸክላ ማጫወቻውም አዲስ የማዞሪያ ቀበቶ አስገባለት። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬና እትዬ አስካለ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እትዬ አስካለ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ሰው የወለደውንም የሞተውንም በመጀመሪያ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ላብ ባራሰው መዳፋቸው አገጬን ይዘው፣ አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ፣ ምስጢር ትይዣለሽ፣ አሉኝ። አጎቴ ቢሮው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆሟል። አባትሽ ግን አሁን አይሰማም፣ አሉ፤ መርዶ እንዲህ በሥራ ቀን፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ቄስ ባለበት፣ ቅዳሜ ገና ሲነጋ ነው የሚነገረው። እስከዚያው ስልክ ሲጮህ የምታነሺው አንቺ ነሽ፤ ከአዲስ አበባ ከሆነ አባቴ የለም ትያለሽ። ይህን ብለው ብስኩት ሰጡኝ። ቆሜ በላሁት። አጎቴ ሞቶ፣ የብስኩቱ ፍርፋሪ ጥርሴ መሀል ገብቶ በምላሴ ስፈልገው ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ገዛ ራሴ የቀፈፈኝ።

ቅዳሜ ደረሰ፣ ቄሱ ሌላ ከተማ ሄደው ነበር፤ ተላለፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ አስካለ የሆስፒታል ሺፍታቸውን የሚቀይርላቸው ጠፋ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዓመት በዓል ዋለ፣ በበዓል መርዶ አይነገርም። በአራተኛው ደግሞ አባባ ከማጠብ ወደ መካኒክነት የሚያሻግረው ፈተና ነበረበት፤ ይፈተን፣ ይለፍለትና፣ ተባለ። ሁሉም ምክንያት ለእሱ ታስቦ ነው። አንዳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ነው። እየመጡ ሶፋችን ላይ ይቀመጣሉ፣ ምግባችንን ይበላሉ፣ አባባ ስለ ታዬ መምጣት ሲያወራላቸው፣ እሰይ እግዜር ያሳካልህ፣ እያሉ ጥርሳቸውን ያሳዩታል፣ እሱ ውኃ ሊያመጣ ሲነሳ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ ሲመለስ ፊታቸው ቦታው ላይ ነው። ፈተናውን ያለፈ ዕለት አባባ ራሱ ወደ አዲስ አበባ ደወለ። እኔ ስልኩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የአጎቴ ሚስት አንስታ፣ ለሥራ ወደ ጅማ ወጥቷል፣ አለችው። እሷንም ከዚህ አስጠንቅቀዋት ኖሯል። አባባ ስቆ፣ መካኒክ ሆኗል በይልኝ፣ አላት። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አስመለሰኝ።

በዚህ ሁሉ መሀል ሙዚቃው አልቆመም። ይብሱን በደስታው ማታ ማታ ሁለት ጊዜ ያጫውተው ጀመር፤ ማርትዬ ነይ ይቺን ስሚ፣ ታዬ ሲመጣ ቀጣዩን ትሰሚያለሽ። አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሰውዬው ያቃስታል፣ ከበሮው ይደበድባል፣ የሻጋታው ሽታ በአፍንጫዬ ይገባል፣ አባባ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ ይስቃል። ያን ሽፋን ባየሁ ቁጥር የተላጠው ፊት የራሴ ይመስለኝ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ከአገር ቤት የመጣች አንዲት ሴት አንድ የታሰረ ዕቃ ለእትዬ አስካለ አደረሰች። የአጎቴ ሚስት የላከችው ነው፦ የእጅ ሰዓቱ፣ መነጽሩ፣ አንድ ደብዳቤና በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ሸክላ። እትዬ አስካለ ቤት አባባ ቴሌቪዥን ሊጠግን ይመላለስ ስለነበር እዚያ አይቀመጥም ተባለና ደብዳቤውንና ሰዓቱን እማዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሸክላው የኔ አልጋ ሥር ገባ። እስከ ቅዳሜ ነው፣ በዚህ ቅዳሜ ሁሉም ተስማምቷል፣ እንዳትነኪው፣ አለችኝ እማዬ። ሰኞ ሌሊት ተኛሁበት። ማክሰኞም ተኛሁበት።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት በአሥር ሰዓት ገባሁ። እማዬ ቢሮ ልታጸዳ ሄዳለች፣ አባባ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት አይመጣም። አልጋዬ ሥር ገብቼ የትራስ ልብሱን ፈታሁት። የጠበቅሁት ያ ሽታ አልነበረም፤ ሸክላው ንጹሕ ነው፣ ደረቅ ነው፣ አንዲት ጭረት የለበትም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው በጨርቅ ሲያብሰው የኖረ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ለምን አጫወትሁት? ስለ አጎቴ አዝኜ ነው ብዬ ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ፤ ውሸቴን ነው። አጎቴን በፎቶ እንጂ አላውቀውም። ያ ሰው ትንፋሹን ስቦ ምን እንደሚል ለማወቅ ነው። አንገሽግሾኛል እያልሁ ስኖር የጀርመኖቹ ሱስ እኔኑ ይዞኝ ኖሯል።

መርፌውን አሳረፍሁ። መጀመሪያ የውኃ ጠብታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ዋሽንት። ከዚያ ያ የልብስ ማጠቢያ ከበሮ ከሩቅ መጣ፣ ግን ለስላሳ ሆኖ፣ አንድ ሰው ሕፃን እያስተኛ ጀርባውን መታ መታ እንደሚያደርገው። ሰውዬውም ዘፈነ። ያ ሁሉ ማቃሰት ለዚህ ኖሯል፤ ታሞ ታሞ ዳነ ማለት ነው። እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም፣ መናገሩም ያስጠላኛል። ድምፁን ጨመርሁት፣ የበረንዳውን በር ከፈትሁት፣ ያን የውሻ ጸጉር የሞላበት ምንጣፍ ሳልጸየፍ ጀርባዬን ሰጥቼ ተጋደምሁበትና ዓይኔን ጨፈንሁ። አጎቴ መሞቱን ረሳሁት። አባባም ምስጢሩም ከሐሳቤ ጠፉ።

የዚያን ቀን አንድ የሥራ ባልደረባው ሺፍት ቀይሮት አባባ በአሥር ሰዓት ተኩል እየመጣ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ የሁለተኛውን ሸክላ ሙዚቃ ሰማ። በዚህ ከተማ ውስጥ ያ ሙዚቃ ከቤታችን ሊወጣ የሚችልበት መንገድ ለእሱ አንድ ብቻ ነው።

ሩጫውን ሰማሁት። ቁልፉ በሩን ስቶ ሁለቴ ሲጭር ሰማሁ። ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ በሕይወቴ ጫማውን ሳያወልቅ ሲገባ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ፊቱ እንዴት ሆኖ እንደነበር ልገልጸው አልሞክርም። «ታዬ! አንተ ሌባ! ሳትነግረኝ መጣህ?» አለ፣ እየሳቀ፣ እያለከለከ። ወጥ ቤቱን አየ። የእሱንና የእማዬን መኝታ ቤት ከፈተ፣ የኔን ከፈተ። ከበር ጀርባ ተደብቆ የሚጫወትበት መስሎት በሩን ሁሉ ገፋ ገፋ አደረገ። የሽንት ቤቱን በር ሳይቀር ከፍቶ ከሻወሩ መጋረጃ ጀርባ ፈለገው። ተመልሶ ሲመጣ ገና እየሳቀ ነበር። ከዚያ ወለሉ ላይ የትራስ ልብሱን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

መርፌውን ላነሳ ተንደረደርሁ።

«ተዪው፤ እስኪያልቅ ተዪው» አለኝ።

ካፖርቱን እንደለበሰ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥሁ። ያ ፊት እስኪያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር፤ እነዚያን አሥር ደቂቃዎች አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ሙዚቃው እስካላቆመ ድረስ ወንድሙ መጥቷል። ሲያልቅ መርፌው ባዶው ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞር ጀመር፣ አባባም እዚያው እንዳቀረቀረ፣ «መቼ ነው?» አለኝ።

«አምስተኛ ሳምንቱ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። በጣቱ ምንጣፉ ላይ ሳምንቶቹን የሚቆጥር መሰለኝ፤ ቅዳሜዎቹን፣ ፈተናውን፣ የጅማውን ስልክ። «አንቺም አጠገቤ ተቀምጠሽ?» አለ። ይሄ ብቻ ነው ያለው፤ ቁጣ የለበትም። ቢመታኝ በተሻለኝ።

ከዚያ ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰና ሰዎቹ የሚመጡት በዚህ ቅዳሜ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ አዎ አልሁት። እንግዲያው ይምጡ፣ አለ። እናትሽ አምስት ሳምንት ተሸክማዋለች፣ እነዚያም ሰዎች ከሥራቸው አስፈቅደዋል፣ አሁን ሰምቻለሁ ብዬ ላሳፍራቸው አልፈልግም። አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ይህን ብሎ ሸክላውን በእጅጌው አብሶ፣ በትራስ ልብሱ ጠቅልሎ፣ እንደነበረው አስሮ፣ ራሱ ተንበርክኮ አልጋዬ ሥር አስገባው። አዋቂዎቹ ምስጢር ሲያስይዙኝ አስጠልተውኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ የእሱን ጨመረልኝ፣ የሁለቱም ወገን ውሸታም አደረገኝ።

ሐሙስ ማታ እማዬ እንዳትጠረጥር ሸክላ ማጫወቻውን እንደወትሮው ከፈተ። «ማርትዬ፣ ነይ ይቺን ስሚ» አለኝ። ሄድሁ። የመጀመሪያው ሸክላ ሁለተኛ ፊት ደርሶ እዚያችው ቦታ ላይ ቁርጥ ሲል፣ አባባ ዓይኑን ጨፍኖ የቀረውን በአፉ ሞላው። ያ የድስት ክዳን አልነበረም። ጠብታውን፣ ዋሽንቱን፣ ዜማውን በትክክል፣ አንዲት ሳትዛነፍ አዜመው። እማዬ ወጥ ቤት ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ምንም አልገባትም። የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። እንባዬ መጣና በሽንኩርቱ አሳበብሁ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ያቺ ጠባብ ሳሎን ነጠላ ባዘቀዘቁ ሰዎች ሞላች፤ ቄሱ፣ እትዬ አስካለ፣ ከስትሪትሃም ድረስ የመጡ ሰዎች፣ ሁሉም የእንቅልፍና የዝናብ ሽታ አላቸው። አባባ በፒጃማ ወጥቶ፣ «ምነው በደህናችሁ?» አላቸው። ልክ ማለት እንዳለበት አድርጎ አለው። ነገሩት። ያኔ የወጣው ድምፅ የጀርመኖቹ ማቃሰት ነው፤ አንድ ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም። እስከ አንድ ቦታ ድረስ አስመስሏል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ግን እውነቱን ነው፤ ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ ግን አጠገቡ ሆኜ እያየሁት እንኳ መለየት አልቻልሁም። እኔ ከሁሉም በላይ ጮኼ አለቀስሁ፤ አጎቷን ምን ያህል ብትወደው ነው፣ አሉ ሴቶቹ። እትዬ አስካለ ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ እየቀዱ ለእማዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደንብ ነገርነው፣ ሲሉ ሰማኋቸው። ኤዲያ!

አባባ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሸክላዎች በዚያው በሻገተው ሽፋን ውስጥ አንድ ላይ አደረጋቸው፤ ከሶፋው ጀርባ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ። በዚህ ጊዜ ያዞረው ራሱ ነው። መካኒክ ሆኖ ዓመታት ሠራ፣ አልተኮራረፍንም፣ ሳገባ አቅፎ አለቀሰልኝ፣ ዮናስን ትከሻው ላይ አድርጎ አሳደገልኝ። ግን አንድም ቀን፣ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን፣ ነይ ይቺን ስሚ አላለኝም። ዜና ሲያስቀው ለእማዬ ይነግራታል፤ ጥሩ ዘፈን በራዲዮ ሲመጣ ዮናስን ይጠራዋል። እኔን አይጠራኝም። አጠገቡ የምቀመጥበት ቦታ ያኔ ተዘጋ። ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቤቱን ባዶ ስናደርግ ሽፋኑን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ሆሎዌይ መንገድ ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚቀበል ሱቅ በር ላይ ከአሮጌ ጫማዎች ጋር ጥዬው ሄድሁ። ወደ ኋላዬም አላየሁም። ያኔ እፎይ አልሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና።

አሁን እንግዲህ እኔ የጣልሁትን ልጄ ገዝቶ አምጥቶልኝ ይስቃል። ለካ አያቱ ነግሮት ኖሯል፤ ማርታ ይሄን ሙዚቃ ትወደው ነበር ብሎታል። ትወደው ነበር! አያ ዮናስ ምኑን ያውቃል፤ ሁለተኛውን ሸክላ አውጥቶ በራሱ ማጫወቻ አጫወተው። ጠብታው መጣ፣ ዋሽንቱ መጣ። ያ አባባ ቁልፉን የሳተበት ቦታ ሲደርስ ሳላስበው ዞሬ በሩን አየሁ። ዮናስ ፊቴን አይቶ ደነገጠና መርፌውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«ተወው፤ እስኪያልቅ ተወው» አልሁት።

አለቀ። ገልብጦ አራተኛውን ፊት ሊያጫውትልኝ ተነሳ፤ ከሁሉም ምርጡ ይሄኛው ነው፣ አለኝ። ያን ፊት በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ረቡዕ እኔና አባባ ሳንገለብጠው ነው ያሰርነው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የጠራኝ የለም። አይ፣ አንተ ጓደኞችህ ጋ ሄደህ ስማው፣ አልሁትና ወጥ ቤት ገብቼ እጄን ታጠብሁ። እሱ ከሳሎን ሆኖ፣ ማም ነይ እንጂ፣ ነይ ይቺን ስሚ፣ እያለ ይጠራኛል። የሚያምር ድምፅ ነው ያለው ልጄ። የአባባ ግን አይደለም፤ ውኃውን ከፍቼ እጄን መታጠቤን ቀጠልሁ።